መብራቱ ለማን ይቅደም?



«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ገበያ ውስጥ ዓይን የሚያየው ብዙ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አስተዋይ እመቤት ከቤቷ ሳትወጣ ጤፉ ይቅደም ወይስ ስኳሩ፣ የልጁ ደብተር ይቅደም ወይስ የእንግዳ ስኒ ብላ ትወስናለች። አገርም እንደ ቤት ናት። በኃይል ምንጭ ረገድ ያገራችን ጉዳይ ዛሬ ከዚህ የተለየ አይደለም። ግድቡ ያስፈልጋል፤ የነፋሱ፣ የፀሐዩና የከርሰ ምድር እንፋሎቱ ኃይል ያስፈልጋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና፣ ለጎረቤት የሚሸጥ ኃይል፣ ለገጠሩ መብራት፣ ለከተማው ምድጃ፣ ሁሉም ያስፈልጋል። ሁሉም የካርቦን ጭስን የሚቀንሱ ናቸውና ለየብቻ ሲታዩ አንዱም አይነቀፍም። ችግሩ የሚመጣው «መጀመሪያ የቱ?» የተባለ እንደሆነ ነው።

ይህ ጥያቄ የመሐንዲሶችና የኢኮኖሚ ሊቃውንት ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ እሰማለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን መሐንዲሱ ሊነግረን የሚችለው እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚፈጅና ምን ያህል እንደሚያስገኝ ነው። የማን ችግር ከማን ችግር ይቅደም የሚለውን መሐንዲሱ በመለኪያው ሊለካው አይችልም። ይህ የሐቅና የአማና ጥያቄ ነው። አንዱን ማስቀደም ሌላውን ማዘግየት ነውና፣ የሚዘገየው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ቅደም ተከተል ማውጣት ሳይታሰብ ወደ ዙልም ሊያደርስ ይችላል።

ሚዛኑ ከወዴት ይመጣል?

ለመሆኑ ጉዳዮችን በደረጃ የማስቀመጥ ጥበብ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ ወይም በ1111 የሞቱት) የሰውን ልጅ ጥቅሞች በሦስት ደረጃ ከፍለው አስቀምጠዋል። አንደኛው ዶሩሪያት የሚባለው ነው። ይህም ከሌለ ሕይወት የሚናጋበት፣ እምነትን፣ ነፍስን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ንብረትን የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው ሐጂያት ነው፤ ባይኖርም የሚኖር ሆኖ ነገር ግን ኑሮን የሚያከብድ፣ ሰውን የሚያስቸግር ጉድለት የሚሞላበት ነው። ሦስተኛው ተሕሲኒያት ነው፤ ኑሮን የሚያሳምረው፣ የሚያስጌጠው ማለት ነው። የግራናዳው ኢማም አሽ-ሻጢቢ (በ1388 የሞቱት) ይህንኑ አስፋፍተው አስተምረዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ሳይሟላ ለሦስተኛው የሚወጣ ገንዘብ ቦታውን ስቷል። በዚህ ላይ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚለውን የፊቅህ መርህ ስንጨምር ሚዛናችን ይበልጥ ይስተካከላል።

ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የጋራ መሆናቸውን የሚያስተምረውና በአቡ ዳውድና በኢብኑ ማጃህ የተዘገበው ሐዲስም ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ኤሌክትሪክ የዘመናችን እሳት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እንግዲህ የጋራ የሆነው እሳት በማን ምድጃ ሥር ቀድሞ ይንደድ? ጥያቄው ይህ ነው።

ምን አለን? ምንስ ይጎድለናል?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

በመጀመሪያ ያለንን እንመስክር። በሚያዝያ 2011 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የዓባይ ግድብ በየካቲት 2022 የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ በመስከረም 2025 ተመረቀ። 13 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ጊቤ ሦስት በ2016 ሲመረቅ 1,870 ሜጋዋት ጨምሯል። አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋዋት፣ አዳማ ላይ በሁለት ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ተተክሏል። በዓባዩ ግድብ ላይ ደግሞ የሕዝብ ቦንድና መዋጮ አለበት። ሙስሊሙ ከክርስቲያን ወንድሙ ጋር፣ ሊስትሮው ከነጋዴው ጋር፣ ደመወዝተኛው ከገበሬው ጋር ሆኖ ከኪሱ አውጥቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለዕዳም ያደርገናል፤ ሕዝብ ያዋጣው ገንዘብ ሕዝቡ ዘንድ መድረሱን መጠየቅ ተገቢ ነውና።

አሁን ደግሞ የጎደለንን እንይ። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ዛሬም መብራት የለውም። ከዚህ የባሰው ግን የምድጃው ነገር ነው። አገሪቱ ከምትጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከገለባ የሚገኝ ነው። ስለ ግድብና ስለ ነፋስ ስናወራ የምናወራው ስለ ቀሪዋ ጥቂት እጅ ነው ማለት ነው። ብዙው ያለው ሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ከሦስቱ ጉልቻ አጠገብ ተንበርክካ እሳት እፍ የምትለው ደግሞ እናታችን፣ እህታችን፣ ሚስታችን ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞተዋል። ጭሱ ሳንባን ይመታል፤ ልብን ይመታል፤ በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለውን ሕፃን ይመታል። ነፍስን መጠበቅ ከዶሩሪያት ወገን ከሆነ፣ የወጥ ቤቱ ጭስ የዶሩሪያት ጥያቄ ነው። ከዚህ የሚቀድም ምን አለ?

«ዶላሩ ይቅደም» ለሚሉ

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ሐሳብ በሚገባ ማየት ያሻል። «ኃይሉን በመጀመሪያ በውጭ ምንዛሪ እንሽጥ፤ በተገኘው ዶላር ገመዱንም ምሰሶውንም እናቆማለን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳባቸው ከባዶ የመነጨ አይደለም። ለጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ኃይል እንሸጣለን። ለኬንያ ደግሞ 1,045 ኪሎሜትር የሚረዝምና እስከ 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም ያለው መስመር ተዘርግቶ በኅዳር 2022 ሽያጭ ተጀምሯል። ቻይና በ2021 የቢትኮይን ማምረትን ከከለከለች በኋላ ደግሞ የዚህ ሥራ ባለቤቶች ወደ አገራችን መጥተው ኃይሉን በዶላር ሲገዙ ቆይተዋል። ገመድ ባልደረሰበት መንደር ያልተሸጠ ኃይል ለማንም አይጠቅምም፤ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል እንጂ። እንግዲያውስ ቢሸጥ ምን ይጎዳል?

እኔ መሸጡን አልቃወምም። ጎረቤት መብራት ቢያገኝ ደስ ይለኛል፤ ዕዳም መከፈል አለበት። የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ የተሸጠበት ዶላር ወዴት ሄደ? ከሽያጩ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነው ድርሻ ገና ከጅምሩ ለገመድ፣ ለትራንስፎርመርና ለምድጃ በሕግ ካልተመደበ «በኋላ እናደርሳለን» የሚለው ቃል ቀን የሌለው ቀጠሮ ይሆናል። ድሃ የሚጎዳው «አይሆንም» ሲባል ብቻ አይደለም፤ «ቆይ» ሲባልም ይጎዳል። ቆይ የተባለችው ሴት ደግሞ በቆየች ቁጥር ጭሱን ትምጋለች።

የኤሌክትሪክ መኪናውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወስድብናልና የውሳኔውን ምክንያት እረዳለሁ። ይሁንና በመዲናችን የግል መኪና ያለው ስንቱ ነው? ታክሲና አውቶብስ የሚጠብቀውስ ስንት ነው? በዚሁ መስመር ቅድሚያ ይሰጥ ከተባለ አውቶብሱና ታክሲው ከቤት መኪናው መቅደም አለባቸው። ቴክኖሎጂው አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የፍትህና የቅንጦት ልዩነት ያመጣል።

«እኛ ምን በወጣን?» ለሚሉ

ሌላም ክርክር አለ። «አገራችን ወደ ሰማይ የለቀቀችው ጭስ ከዓለም ከ1 በመቶ በታች ነው። ያበላሹት ሀብታሞቹ ናቸው፤ እነሱው ይክፈሉ። እኛ በርካሽ ያገኘነውን እናንድድ» ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ያበላሸ እንዲክፍል መጠየቅም ሐቅ ነው። መደምደሚያው ግን አያስኬድም። የምናነደው ነዳጅ ከባሕር ማዶ በዶላር የሚመጣ ነው። የምናነደው ከሰል ከራሳችን ደን የሚቆረጥ ነው። ደኑ ሲያልቅ አፈሩ ይታጠባል፤ የታጠበው አፈር ግድባችን ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ለኛ ጭስን መቀነስ ለፈረንጅ የምንውለው ውለታ ወይም የምንከፍለው ቅጣት አይደለም። የራሳችንን ቤት መጠበቅ ነው። መንግሥት በ2011 ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ከውሃ ኃይሉ እኩል የገጠሩን ምድጃ ማሻሻል ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮት ነበር። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ነበሩ። በጀትና ጉልበት ሲከፋፈል ግን ግድቡ ልጅ፣ ምድጃው እንጀራ ልጅ ሆኖ ቆይቷል።

የሚገዛውና የማይገዛው

እንግዲህ ለምርምርና ለልማት የሚውለውን ጥቂት ገንዘብ እንዴት እንደልድለው? እኔ የምከተለው መለኪያ ይህ ነው፤ ዓለም ሠርቶ የሚያረክስልንን እንግዛ፤ ማንም የማይሠራልንን ግን እኛው እንሥራ።

ሌሎች አገሮች እንዴት እንዳደረጉ እንይ። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ሁሉም ያለውን አየ። ፈረንሳይ በ1974 ወደ ኑክሌር ዞረች። ብራዚል በ1975 ከሸንኮራ አገዳዋ አልኮል ነዳጅ ወደ ማውጣት ገባች። ዴንማርክ ነፋሷን ይዛ ቀስ በቀስ የዓለም ተርባይን ሠሪ ሆነች። አንዳቸውም ሁሉንም በአንዴ አልጀመሩም።

ወደኛ ስንመለስ፣ ከትልልቅ ጣቢያዎች የሚገኝ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ዋጋ ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ 85 በመቶ ያህል ወርዷል። ይህን ያደረግነው እኛ አይደለንም። ለአፋርና ለሶማሌ አርብቶ አደር፣ ለጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሆነውን የፀሐይ ሰሌዳ ገዝተን ማዳረስ፣ የሚጠግነውንም ወጣት ማሠልጠን ይበቃናል። በ2019 የተሻሻለው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ መንገድ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ የነበረው በዚሁ ስሌት ነው። ለሁሉም ይዳረሳል የተባለበት 2025 ግን ግቡ ሳይሞላ አልፏል።

ምጣድን ግን ማን ይሠራልናል? ጃፓን? ጀርመን? የእንጀራ ምጣድ ከኛና ከኤርትራውያን ወንድሞቻችን በቀር የማንም የራስ ምታት አይደለም። ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። በቤተሰብ ደረጃ ከሚነደው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህም 10 ዋት የሚወስዱ 350 ያህል አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ትራንስፎርመሮች ብዙዎቹ የ100፣ የ200 ወይም የ315 ኪሎ ቮልት አምፒር ናቸው። በአንድ ሰፈር 100 እናቶች አንድ ጠዋት ምጣዳቸውን ቢሰኩ 350 ኪሎዋት ይጠየቃል፤ ትልቁ እንኳ አይችለውም። እኔ በምኖርበት ሰፈር በረመዳን ከአስር ሰላት በኋላ መብራት ሲጠፋ «ግድቡ የት ሄደ?» የሚል ምሬት ይሰማል። ግድቡ የትም አልሄደም። ጉድለቱ ከግድቡ እስከ ምጣዱ ባለው መንገድ ላይና በራሱ በምጣዱ ላይ ነው። ወፍራሙ ሸክላ እስኪግል ድረስ የሚባክነው ሙቀት ብዙ ነው። ይህን ምጣድ በግማሽ ኃይል እንዲጋግር ያደረገ ሰው ያለ ግድብ ግድብ እንደገነባ ይቆጠራል።

የሚያበረታታ ጅምርም አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሠራጨው ምርጥ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል። የሚሠራውም በሲሚንቶና በአሸዋ፣ እዚሁ ባሉ ትናንሽ አምራቾች ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፀሐይ ሙቀት እንጀራ ለመጋገር ሞክረዋል። ከብት ላለው ገበሬ ደግሞ ከእበት ጋዝ የሚያወጣው ባዮጋዝ ከ2009 ጀምሮ በብሔራዊ ፕሮግራም ደረጃ ሲሠራበት ቆይቷል። ጅምሮቹ አሉ። የጎደለው ለግድብ የሰጠነውን ዓይነት ትኩረት ለምድጃም መስጠት ነው።

የእንፋሎቱ ትምህርት

ሁለተኛው ማንም የማይሠራልን ነገር ከርሰ ምድራችን ውስጥ ያለው ነው። በኤሌክትሪካችን ላይ ያለው ትልቁ ስጋት ከ90 በመቶ በላይ በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። በግንቦት 2019 የጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን፤ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ለሱዳን የሚሸጠውም ተቋረጠ። እንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት የሚያኖር ነጋዴ የለም። የስምጥ ሸለቋችን እንፋሎት ግን ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም ሌት ተቀን አለ።

የዚህ ፍለጋ በአገራችን በ1969 ተጀመረ። አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ1998 ከ7 ሜጋዋት ብዙም የማይበልጥ የሙከራ ጣቢያ ቆመ፤ እሱም በብልሽት ለዓመታት ቆሞ ኖረ። ከዚሁ ስምጥ ሸለቆ የምትጋራው ኬንያ በኦልካሪያ በ1981 በ15 ሜጋዋት ጀምራ ዛሬ ከ900 ሜጋዋት በላይ አድርሳዋለች፤ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክም 40 በመቶ ያህሉ ከእንፋሎት ነው። አላህ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ምድር ሰጥቶናል። ልዩነቱን ያመጣው የሰው ውሳኔ ነው። አንድ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ተቆፍሮም ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግል ባለሀብት ይፈራዋል። ኬንያ ይህን የመጀመሪያውን ስጋት መንግሥት እንዲሸከም በ2008 ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ድርጅት አቋቋመች፤ ባለሙያዎቿንም አሠለጠነች። የሚጠበቅብን ትዕግሥትና ጽናት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዝንጀሮ እንኳን «መጀመሪያ መቀመጫዬን» ብላለች። እኔ ያለሁበትን አቋም ባጭሩ ላስቀምጥ። መጀመሪያ የሚገደለውን ጭስ፣ ማለትም የምድጃውንና የምጣዱን ነገር፤ ቀጥሎ ኃይሉን ወደ ቤት የሚያደርሰውን ገመድና ትራንስፎርመር፣ ገመድ በማይደርስበትም የፀሐይ ሰሌዳን፤ ከዚያ ከዝናብ ጥገኝነት የሚያላቅቀንን የከርሰ ምድር እንፋሎት፤ ከነዚህ ጎን ለጎን የብዙኃኑን አውቶብስ፤ በመጨረሻም የተረፈውን ለሚሸጥበት ሁሉ። ሽያጩ አሁኑኑ ይቀጥል ከተባለ ደግሞ ገቢው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች በግልጽ ይታሰርና ሕዝብ በየዓመቱ ይወቀው። ከዚህ የተለየ ቅደም ተከተል የሚያቀርብ ወንድም ወይም እህት ካለ እሰየው፤ የምለምነው ግን ከሜጋዋቱ ቁጥር ጋር የሚዘገየውን ሰው ስም አብሮ እንዲጠራ ነው። የምትዘገየው ሴት ናት? ገጠሬው ነው? ወይስ መኪና ገዥው?

ሁሉን ነገር ለመንግሥት ትቶ መቀመጥም አይበጅም። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ለምንጣፍና ለግርማ ሞገስ መብራት ገንዘብ ሲያሰባስቡ በአቅራቢያቸው ላሉ የድሃ ቤቶች ስንት ምርጥ ምድጃ ሊገዛበት እንደሚችል ቢያሰሉ ምን ይጎዳቸዋል? ነጋዴዎቻችን ሃይል ቆጣቢ ምጣድ ለሚፈጥር ወጣት የመነሻ ገንዘብ ቢሰጡ ንግድም ሰደቃም ነው። በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ውሃ በዉዱእ እንዳናባክን የተማርን ሕዝብ፣ ከወንዙ የሚወጣውን ብርሃን ያለ ሥራ ማንደድ አይገባንም። ባልም ቢሆን የሚስቱን የጭስ ሳል «የወጥ ቤት ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም። ያ ሳል ከአገሪቱ የኃይል ዕቅድ ውስጥ በመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው።

ወሏሁ አዕለም።